የሚለጠፍ የጎማ ሚዛን፤ አመራረጡና አለጣጠፉ

ጥንት በበቅሎ ጭኖ ከአገር ወደ አገር ይዘዋወር የነበረ ነጋዴ፣ ጭነቱን በግራና በቀኝ እኩል አድርጎ ካልከፈለው በቀር መንገዱን በደኅና እንደማይጨርስ ያውቅ ነበር። አንደኛው ወገን ከብዶ ያጋደለ እንደ ሆነ ጭነቱ ይዞራል፤ የበቅሎዋ ጀርባ ይቆስላል፤ ነጋዴውም ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ጥቂት ልዩነት ሲያገኝ በቀለለው ወገን ድንጋይ ጨምሮ ያስተካክል ነበር። ዛሬ የበቅሎውን ቦታ መኪና ወስዶታል እንጂ ጥበቡ ያው ነው። የመኪናው መንኰራኵር አንድ ወገኑ ከብዶ የተገኘ እንደ ሆነ፣ በቀለለው ወገን ጥቂት ግራም ብረት ተጨምሮ ሚዛኑ ይጠበቃል።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ ስለዚሁ ጥቂት ብረት ለክቡራን አንባብያን ማስረዳት ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ቢታይም ሦስት ወገኖችን ይነካል። አስመጪው መርምሮ ባልገዛው ዕቃ ላይ የውጭ ምንዛሪ ያወጣል፤ ጎሚስታው ውሎ ሳያድር ለሚወድቅ ሥራ ይወቀሳል፤ ባለ መኪናውም ጎማው ያለ ዕድሜው ያልቅበታል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ጎማ ዋጋ ምን ያህል እንደ ከበደ ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም። በከተማችን ምዕራባዊ ወገን፣ ከአየር ጤናና ከቤተል ጀምሮ እስከ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ድረስ በየመንገዱ ዳር ለሚሠሩት የጎማ ቤቶችና ለደንበኞቻቸው ጽሑፉ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ሚዛን ማጣት ምን ያመጣል?

መንኰራኵር የምንለው ቸርኬው ከጎማው ጋራ አንድ ሆኖ ሲገጠም ነው። ፋብሪካ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ጎማው በዙሪያው ሁሉ አንድ ዓይነት ውፍረት፣ ቸርኬውም አንድ ዓይነት ክብደት ሊኖረው አይችልም። አየር የሚሞላበት ቫልቭ እንኳ ለብቻው ጥቂት ግራም ይመዝናል። መኪናው ቆሞ ሳለ ይህ ልዩነት አይታወቅም። መንኰራኵሩ በፍጥነት ሲሽከረከር ግን የከበደው ወገን ወደ ውጭ ይጎትታል። ጉተታውም ከፍጥነቱ ጋራ እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉተታው አራት እጥፍ ይሆናል።

በምሳሌ እንየው። ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር በሆነ መንኰራኵር ላይ፣ ከመካከሉ 20 ሳንቲ ሜትር በራቀ ስፍራ የ20 ግራም ልዩነት አለ እንበል። መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ይህ 20 ግራም አንድ ኪሎ የማይሞላ ዕቃ ያህል ይጎትታል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ግን ጉተታው 3 ኪሎ ተኩል ያህል ይሆናል። በዚህ ፍጥነት መንኰራኵሩ በየሴኮንዱ ከ14 ጊዜ በላይ ስለሚዞር፣ ጉተታው በየሴኮንዱ ከ14 ጊዜ በላይ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። ኩሽኔታውን፣ አሞርዛተሩን፣ የመሪውንም መጋጠሚያዎች የሚበላው ይህ ነው። ጎማውም በዙሪያው እኩል መበላቱ ይቀርና እዚህም እዚያም እየተጎደጎደ ያልቃል።

በከተማ ውስጥ በዝግታ የሚነዳ ሰው ጉድለቱን ሳያውቀው ብዙ ወራት ሊቈይ ይችላል። በ2014 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የአዲስ አበባና የአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ በወጣ ጊዜ ግን መሪው በእጁ ውስጥ ይንቀጠቀጥበታል። የፊቱ መንኰራኵር ሚዛን ያጣ እንደ ሆነ የሚንቀጠቀጠው አብዛኛውን ጊዜ መሪው ነው፤ የኋላው እንደ ሆነ ወንበሩና ወለሉ ነው። መንቀጥቀጡም ብዙ ጊዜ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ጎልቶ ይታወቃል። ይህን ከአላይመንት ጋራ ማደባለቅ አይገባም። አላይመንት የመንኰራኵሮቹን አቅጣጫ ማቃናት ነው፤ ጉድለቱም መኪናውን ወደ አንድ ወገን ይስበዋል፣ ጎማውንም በአንድ ጠርዙ ይጨርሰዋል። ባላንስ ግን ክብደትን ማስተካከል ነው። ለአንዱ ጉድለት የሌላውን ዋጋ የሚከፍል ደንበኛ ገንዘቡንም ጊዜውንም ያጣል።

የሚነክሰውና የሚለጠፈው

የጎማ ሚዛን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በመንከሻ ቸርኬው ከንፈር ላይ በመዶሻ ተመትቶ የሚያዘው ነው። ይህ ለተራው የብረት ቸርኬ የተመቸ ሲሆን በሚኒባሶችና በብዙ ሌሎች መኪናዎች ላይ እናየዋለን። ሁለተኛው ከበስተ ጀርባው ማጣበቂያ ያለው፣ በቸርኬው የውስጥ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ነው። የአሉሚኒየም ቸርኬ ከንፈሩ ብዙ ጊዜ ለመንከሻው አይመችም፤ ቢመችም ቀለሙ ይላጣል፣ በተላጠውም በኩል እየተበላ ይሄዳል። ስለዚህ ለአሉሚኒየም ቸርኬ የሚለጠፈው ይመረጣል።

የሚለጠፈው ዓይነት ተፈላጊነት በአገራችን እያደገ መሄዱ አይቀርም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት በዝተዋል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ የአሉሚኒየም ቸርኬ ያላቸው ናቸው። በባትሪያቸው ምክንያት ክብደታቸው ከፍ ያለ ስለ ሆነ በጎማቸው ላይ የሚያርፈው ጫና ይበዛል፤ የሞተር ድምፅም ስለ ሌላቸው ትንሹ መንቀጥቀጥ ለተሳፋሪው ይሰማዋል።

ነጋዴው ሲገዛ ምን ይመልከት?

አንደኛ፤ ከምን እንደ ተሠራ። የሚለጠፍ ሚዛን ከእርሳስ፣ ከብረት ወይም ከዚንክ ይሠራል። በየጎማ ቤቱ ሁሉንም በልማድ እርሳስ ብንላቸውም አንድ አይደሉም። ማግኔት ቢቀርብ ብረቱ ይሳባል፤ እርሳሱና ዚንኩ አይሳቡም። እርሳስ ከብረት ይልቅ በጣም ከባድ ስለ ሆነ፣ እኩል ክብደትና እኩል ስፋት ያለው የብረት ሚዛን ከእርሳሱ ከ40 በመቶ በላይ ይወፍራል። ከቸርኬውና ከፍሬኑ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ በሆነ መኪና ላይ ይህ ውፍረት ይቈጠራል።

ሁለተኛ፤ ክብደቱ የተጻፈውን ያህል መሆኑ። ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በረጅም ቅጥልጥል ሲሆን በ5ና በ10 ግራም የተከፋፈለ ነው፤ የአንዱም ቅጥልጥል ጠቅላላ ክብደት ብዙውን ጊዜ 60 ግራም ነው። ከካርቶኑ ልዩ ልዩ ስፍራ ጥቂት ቅጥልጥሎች አውጥቶ፣ ወረቀቱን ልጦ፣ የወርቅ ሠሪ ሚዛን በመሰለ ጠንቃቃ ሚዛን መመዘን ይበቃል። 60 ተብሎ 52 የሚመዝን ዕቃ ለገዢው በክብደቱ ጕድለት ነው፤ ለጎሚስታው ደግሞ ማሽኑ የማይታረቅለት የድካም ምንጭ ነው።

ሦስተኛ፤ ሽፋኑ። የብረቱ ሚዛን በዚንክ ወይም በቀለም ያልተለበጠ እንደ ሆነ በክረምት ውሃ ይዝጋል፤ ዝገቱም ማጣበቂያውን ከሥሩ ያነሣዋል፣ ቸርኬውንም ያቆሽሻል።

አራተኛ፤ ማጣበቂያው። የዕቃው ነፍስ ይህ ነው። ወረቀቱ ሲላጥ ማጣበቂያው ከብረቱ ጋራ ሳይጎድል መቅረት አለበት። በንጹሕ ብረት ላይ ተለጥፎ አንድ ቀን ከዋለ በኋላ በጣት ሲገፋ ሊንሸራተት አይገባም። ማጣበቂያ ዕድሜ አለው፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ የተሠራበት ቀን ያልተጻፈበትን ካርቶን በርካሽ መግዛት ትርፍ አይደለም። በጂቡቲ ወደብ ሙቀት ውስጥ በኮንቴይነር ለብዙ ጊዜ የቈየ ዕቃ ኃይሉ ሊደክም እንደሚችል ማሰብ ይገባል። መጋዘን ከገባም በኋላ ከፀሐይና ከእርጥበት ተጠብቆ፣ አስቀድሞ የገባው አስቀድሞ እንዲወጣ ማድረግ ያስፈልጋል።

በምሠራበት ንግድ ቤት አንድ ጊዜ ቀን ያልተጻፈበት ዕቃ ከአንድ ላኪ መጥቶ ነበር። በበጋው ወራት አንድም ቅሬታ አልሰማንም። ሐምሌ ሲገባ ግን ደንበኞች ወልቆ የወደቀውን በእጃቸው እየያዙ ይመጡ ጀመር። ከዚያ ወዲህ በምንጽፈው የግዢ ማዘዣ ሁሉ ላይ የተሠራበት ቀን፣ የማጣበቂያው ዓይነትና የብረቱ ሽፋን እንዲገለጽ እንጠይቃለን። ማዘዣው ላይ ያልተጻፈ ጕዳይ በክርክር ጊዜ ዋጋ የለውምና ይህን ልማድ ለሌሎችም እንመክራለን።

አለጣጠፉ በቅደም ተከተል

መልካም ዕቃ በመጥፎ እጅ ይበላሻል። ስለዚህ ሠራተኛው የሚከተለውን ሥርዓት ቢጠብቅ ሥራው ይጸናል።

በመጀመሪያ መንኰራኵሩን በውስጥም በውጭም ማጠብ ነው። በክረምት ወደ ቀራንዮና ወደ አካባቢው መንደሮች የሚወጣ መኪና በቸርኬው ውስጥ ጭቃ ይዞ ይመለሳል። በጭቃው ላይ ባላንስ የተሠራለት መንኰራኵር፣ ጭቃው ደርቆ በወደቀ ጊዜ ሚዛኑን መልሶ ያጣል። በጎማው ጥርስ መካከል የገባው ጠጠርም ይውጣ። የጎማው የአየር ልክ ይስተካከል።

ሁለተኛ፣ የቀድሞውን ሚዛንና የማጣበቂያውን ቅሪት ፈጽሞ ማንሣት ነው። ለዚህም የፕላስቲክ መፋቂያ መጠቀም ይገባል፤ በመሮ ወይም በብረት ጫፍ የፋቀ ሰው ቸርኬውን ያቈስላል። የወለቀውን ሚዛን መልሶ መለጠፍ አይገባም፤ ማጣበቂያው አንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላልና።

ሦስተኛ፣ መንኰራኵሩን በማሽኑ ላይ በትክክል መካከሉን ይዞ ማሰር ነው። የቸርኬው መካከለኛ ቀዳዳና የማሽኑ ሾጣጣ ማቀፊያ ንጹሓን ይሁኑ። በመካከላቸው የገባ ቆሻሻ ማሽኑን ያሳስተዋል። ከዚያም የቸርኬው ስፋት፣ ቁመትና ከማሽኑ ያለው ርቀት በትክክል ይግቡ፤ ማሽኑም ለአሉሚኒየም ቸርኬ በተዘጋጀው አሠራር ላይ ይዙር። ምክንያቱ ይህ ነው። ከመካከል 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ 20 ግራም የሚሠራውን ሥራ፣ 16 ሳንቲ ሜትር ርቆ ለመሥራት 25 ግራም ያስፈልጋል። የሚለጠፈው ሚዛን ከሚነክሰው ይልቅ ወደ መካከል ስለሚጠጋ፣ ለሚነክሰው በተዘጋጀው አሠራር የተገኘው ቍጥር ለሚለጠፈው አይሆንም።

አራተኛ፣ ማሽኑ ያመለከተውን ስፍራ ማጽዳት ነው። ብዙ ሠራተኛ በቤንዚን ያጸዳል። ቤንዚን ግን ሲተን በስተኋላው ቅባት ይተዋል፤ ማጣበቂያም በቅባት ላይ አይይዝም። የተሻለው አልኮል ነው። በንጹሕ ጨርቅ በአልኮል ተወልውሎ እስኪደርቅ ድረስ ጥቂት መጠበቅ ይገባል።

አምስተኛ፣ የሙቀቱን ነገር ማሰብ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት የአዲስ አበባ ብርድ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ውጭ ያደረ ቸርኬ እንዲህ ቀዝቅዞ ሳለ ማጣበቂያው በደንብ አይይዝም። ቸርኬውን ወደ ቤት ማስገባት ወይም ፀሐይ እስኪሞቅ መቈየት፣ ያም ባይቻል በሞቀ አየር ማሞቅ ያስፈልጋል።

ስድስተኛ፣ መለጠፉ ነው። የሚያስፈልገው ክብደት ከቅጥልጥሉ ላይ ይቈረጣል፤ በቸርኬው ጕብጕብታ ልክ አስቀድሞ ይታጠፋል፤ ወረቀቱ ይላጣል። ማጣበቂያው በጣት አይነካም። ማሽኑ ያመለከተው ነጥብ በቅጥልጥሉ እኩሌታ ላይ እንዲውል ተደርጎ ይለጠፋል። ከዚያም እያንዳንዱ ክፍል ለጥቂት ሴኮንድ በአውራ ጣት ጠንክሮ ይጫናል። በመዶሻ መምታት አያስፈልግም።

ሰባተኛ፣ እንደ ገና ማሽከርከር ነው። ማሽኑ በሁለቱም ወገን ዜሮ እስኪያሳይ ድረስ ሥራው አላለቀም። አንዳንድ ማሽን ከ5 ግራም በታች የሆነውን ልዩነት ደብቆ ዜሮ እንደሚያሳይ ሠራተኛው ማወቅ አለበት። መንኰራኵሩ በመኪናው ላይ ከተመለሰም በኋላ በእጅ አዙሮ ሚዛኑ ፍሬኑን እንደማይነካ መመልከት ያስፈልጋል። የነካ እንደ ሆነ በመጀመሪያው ጕዞ ይጠረጋል።

ማጣበቂያው ሙሉ ኃይሉን የሚያገኘው በ72 ሰዓት ገደማ ነው። መኪናው ወዲያው መነዳት ይችላል፤ ነገር ግን በዚያኑ ቀን በኃይለኛ የውሃ ግፊት ማጠብ አይገባም። ይህን ለደንበኛው መንገር የሠራተኛው ግዴታ ነው።

ሚዛን የማይፈውሰው

ማሽኑ ለአንድ የቤት አውቶሞቢል መንኰራኵር ብዙ ሚዛን፣ ይልቁንም ከ100 ግራም በላይ የጠየቀ እንደ ሆነ፣ ሚዛን ከመደርደር በፊት ምክንያቱን መፈለግ ይገባል። ምናልባት ጎማው በቸርኬው ላይ በትክክል አልተቀመጠም፤ ምናልባት ቸርኬው ጕድጓድ መትቶት ተጣሟል። አየሩን አስወጥቶ ጎማውን በቸርኬው ላይ በግማሽ ዙር ማዞር ብዙ ጊዜ የሚፈለገውን ክብደት ይቀንሳል። ቸርኬው የተጣመመ እንደ ሆነ ግን የቱንም ያህል ሚዛን ቢለጠፍበት አይቃናም። አንዱን ሚዛን በሌላው ላይ መደራረብም የተከለከለ ይሁን፤ የላይኛው የያዘው የታችኛውን እንጂ ቸርኬውን አይደለምና።

ባላንስ አዲስ ጎማ በተገጠመ ጊዜ፣ የተበሳ ጎማ ወልቆ በተጠገነ ጊዜ፣ ሚዛን በወደቀ ጊዜ፣ ያለዚያም በየ10,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሠራ መልካም ነው።

ስለ እርሳስ መርዛማነት

በመጨረሻ ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር አለ። እርሳስ መርዝ ነው። በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ደምንና ነርቭን ይጎዳል፤ ከሁሉ ይልቅ የሕፃናትን አእምሮ ይበድላል። ከመንኰራኵር የወደቀ የእርሳስ ሚዛን በመንገድ ላይ በጎማ እየተፈጨ ትቢያ ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2005 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ ለቤት አውቶሞቢሎች የእርሳስ ሚዛን እንዳይሠራበት የከለከለው፣ ካሊፎርኒያም ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከለከለችው በዚህ ምክንያት ነው። አስመጪዎቻችን ስለ ዋጋ ሲከራከሩ፣ በሌላ አገር ገበያ ያጣው ዕቃ በርካሽ ወደ እኛ እንዳይገፋ መጠንቀቅ ይገባቸዋል።

አገራችን በእጅ የምንበላበት አገር ነው። ቀኑን ሙሉ እርሳስ ሲነካ የዋለ ልጅ እጁን በውሃ አለቅልቆ ብቻ እንጀራ ቢቈርስ፣ መርዙን ከነጕርሻው ይውጠዋል። በሳሙና በደንብ መታጠብ፣ የሥራ ልብስንም ለብሶ ወደ ቤት ወደ ልጆች አለመግባት ይገባል። አሮጌውን እርሳስ በምድጃ ማቅለጥ ፈጽሞ ሊቀር ይገባዋል፤ ጢሱና ትቢያው ለጎረቤትም ይተርፋል። የወለቀውን ሁሉ በአንድ ክዳን ባለው ዕቃ ማጠራቀም ቀላል ነው። ሽፋኑ የተሟላ የብረት ወይም የዚንክ ሚዛን ማምጣት ግን ችግሩን ከሥሩ ይነቅለዋል፤ በሥራውም ጥራት ላይ ጕዳት የለውም።

እንግዲህ በአጭሩ፣ አስመጪው ማግኔትና ሚዛን ይዞ ይግዛ፤ ቀኑንም በማዘዣው ላይ ያስጽፍ። ጎሚስታው አልኮልና ንጹሕ ጨርቅ ከማሽኑ አጠገብ አይጣ። ባለ መኪናውም ሥራው ሲያልቅ ማሽኑ በሁለቱም ወገን ዜሮ ማሳየቱን በዐይኑ ተመልክቶ ይክፈል። ሦስቱም የየድርሻቸውን የጠበቁ እንደ ሆነ፣ በጥቂት ብር የተገዛው የ60 ግራም ቅጥልጥል በብዙ ሺሕ ብር የተገዛውን ጎማ፣ በላዩም የተቀመጠውን ነፍስ ይጠብቃል።